የጋራ ነጭ ሰሌዳ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ከዚህ በታች የማቀርባቸው ችግሮች ያጋጠሙኝ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያሉ የጂኦግራፊ መምህራን ዐባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንዴት ዞሮ እንደሚወርድ የሚያሳይ ካርታ በአንድ የኢንተርኔት ነጭ ሰሌዳ ላይ አብረው እንዲስሉ ሳግዝ ነው።

ምልክት፦ አንዱ የሚስለው መስመር በራሱ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ሌሎቹ ዘንድ ግን አይደርስም።

ይህ በብዛት የሚከሰተው መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ ጥቂት ደቂቃ በቃል ሲያስረዳ ቆይቶ ወደ ሥዕሉ ሲመለስ ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በ2011 ደረጃው በወጣለት በዌብሶኬት (ብራውዘርና ሰርቨር ሳይዘጉ ክፍት አድርገው በሚለዋወጡበት መስመር) ሲሆን፣ መሐል ላይ ያለው ሰርቨር ዝም ያለን መስመር ይዘጋል፤ ለምሳሌ በመሐል የሚያስተላልፈው ኤንጂንኤክስ የተባለ የሰርቨር ፕሮግራም ካልተስተካከለ በስተቀር ከኋላው ካለው ሰርቨር ለ60 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ግንኙነቱን ያቋርጣል። መሣሪያውን የሚሠራ ሰው የኋላው ሰርቨር በየ25 ሰከንዱ ገደማ አጭር መልእክት እንዲልክ፣ መስመሩ ሲቋረጥም ብራውዘሩ ራሱ መልሶ እንዲገናኝና ያልተላከውን ሥዕል አቆይቶ እንዲልክ ማድረግ አለበት። ተጠቃሚው በበኩሉ ገጹን ከማደሱ በፊት የሥዕሉን ቅጂ በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማደስ ነው፣ ያልተላከው ሥራ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

ምልክት፦ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያጠፋል፣ ወይም የተሰረዘ መስመር ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው የሚሆነው መሣሪያው በእያንዳንዱ ለውጥ ሥዕሉን በሙሉ ስለሚልክ ነው፤ አንዱ የጨሞጋን ወንዝ ሌላው የተምጫን ወንዝ በአንድ ጊዜ ሲስሉ ኋላ የደረሰው ቅጂ የፊተኛውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመርና ሳጥን የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፣ የሚላከውም የተለወጠው ብቻ ይሁን። እንደ ዋይጄኤስ ያሉ ለዚህ የተዘጋጁ የፕሮግራም ስብስቦች ስላሉ ከባዶ መጀመርን አልመክርም። ሁለተኛው የሚከሰተው ደግሞ መብራት ጠፍቶበት የቆየ ኮምፒውተር ከአሮጌ ቅጂው ጋር ሲመለስ ነው፤ የተሰረዘው ነገር ከመዝገቡ ጨርሶ ወጥቶ ከሆነ ተመላሹ እንደ አዲስ ያስገባዋል። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ተደርጎበት በመዝገቡ ውስጥ ቢቆይ ግን ይህ አይደርስም።

ምልክት፦ በአማርኛ ኪቦርድ አቋራጭ ቁልፎች አይሠሩም፣ ፊደልም ይበታተናል።

በእኔ እምነት የውጭ መሣሪያዎች በአማርኛ ተጠቃሚ ላይ ከሚፈጥሩት እንቅፋት ሁሉ አሰልቺው ይህ ነው። ሳጥን ለመሳል የተመደበው ቁልፍ ሲጫን ኪቦርዱ «ር» ያወጣል፣ ፕሮግራሙ ግን የላቲኑን ፊደል ይጠብቃል። መፍትሄው ፕሮግራሙ የወጣውን ፊደል ሳይሆን የቁልፉን ቦታ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ ተጠቃሚው እስከዚያ ሲስል ወደ እንግሊዝኛ፣ ሲጽፍ ወደ አማርኛ መቀያየር ይኖርበታል። «ጮቄ» ብሎ የጻፈ ሰው «ጭኦቅኤ» ካየ ደግሞ ሆሄው ተሠርቶ ሳያልቅ ጽሑፉ እንደገና ተስሏል ማለት ነው፤ ሰው እየጻፈበት ያለውን ሳጥን ከሌሎች በሚመጣ ለውጥ ምክንያት እንደ አዲስ አለመሥራት ይበቃል።

ምልክት፦ የወረደው ሥዕል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ።

ፋይሉ ኤስቪጂ (ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ የሚያቆይ የሥዕል ፋይል ዓይነት) ከሆነ ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ይዞ ላይሄድ ይችላል። ፎንቱን በፋይሉ ውስጥ ማካተት፣ ያ ካልተቻለም ፊደሉን እንደ ፎቶ በሚያስቀምጠው በፒኤንጂ ማውረድ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ የተላከው ሊንክ ሥዕሉን አይከፍትም።

ኤክስካሊድሮው በተባለው የኢንተርኔት ነጭ ሰሌዳ ሊንክ ላይ ከ# ምልክት በኋላ ያለው ክፍል የሥዕሉን ምስጢር መፍቻ ቁልፍ ይይዛል፤ ብራውዘሩ ይህን ክፍል ለሰርቨር ስለማይልከው ሰርቨሩ የጎደለውን ሊሞላ አይችልም። ሊንኩን በእጅ ገልብጦ ከመጻፍ ይልቅ በሙሉ ኮፒ አድርጎ መላክ ይገባል።