ጎጃም ወይስ ጐጃም? የክፍልን የኢንተርኔት ዕልባቶች በጋራ ማደራጀት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለ ጮቄ ተራራ የሚያወሱ ገጾች ፈልጋችሁ አምጡ አልኳቸው። ሊንኩ በቴሌግራም ቡድናችን ጎረፈ፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ከበዓል መልካም ምኞትና ከ«ነገ ፈተና አለ ወይ?» ስር ተቀብሮ ቀረ። የጋራ ዕልባት (ሁሉም በአንድ ቦታ የሚያስቀምጡት የድረ ገጽ አድራሻ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያ፣ ማለትም ዕልባት ማስቀመጫ መተግበሪያ፣ ይምረጡ። ሬይንድሮፕ (Raindrop.io) በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፤ በነጻም መጀመር ይቻላል። ዲጎ (Diigo) ደግሞ ገጹ ላይ ቀለም እየቀቡ ማስታወሻ መለጠፍ ያስችላል፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚያስነብብ መምህር ይሻላል። አካውንት ከፍተው ለአንድ ርዕስ አንድ ስብስብ ይፍጠሩና ተማሪዎችን ይጋብዙ። ሙሉ ስማቸውን እንዳያስገቡ ግን ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፦ ገጹን ከፍቶ «አጋራ» የሚለውን መጫን፣ መሣሪያውን መምረጥ፣ መለያ ቃል (ገጹን በኋላ ፈልጎ ለማግኘት የሚለጠፍበት ቃል) መጻፍ።

ችግሩ ያለው መለያ ቃሉ ላይ ነው። ለእኛ «ጎጃም» እና «ጐጃም» አንድ አገር ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተማሪዎቼ ከፊሎቹ «አባይ»፣ ከፊሎቹ «ዓባይ»፣ የቀሩት «የአባይ ወንዝ» ብለው መዝግበው ኖሮ፣ በአንዱ ስፈልግ የሌሎቹ ሁሉ ጠፋብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አስቀድሜ አላስማማኋቸውም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለሰሌዳው ይስጡት። አሥር ያህል ቃላት ጽፋችሁ ፊደሉን ጭምር ተስማሙ። ቃሉ ነጠላ ቁጥር ይሁን፤ «የ»፣ «በ»፣ «ከ» አይቀጠልበት። አንዳንድ መሣሪያ ክፍት ቦታን እንደ መለያያ ስለሚቆጥር ሁለት ቃል ከሆነ በሰረዝ ይያያዝ፦ «አሲዳማ-አፈር»። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ የቦታ ቃል (ጮቄ፣ ሰከላ)፣ አንድ የርዕስ ቃል (ምንጭ፣ ደን)፣ አንድ የአገልግሎት ቃል (ካርታ፣ ለፈተና) ይበቃል። ከስሩም ገጹ ለምን እንደተመረጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከል። «ግሽ ዓባይን ከካርታ ጋር ያሳያል» የሚል አጭር ማስታወሻ ከባዶ ሊንክ በብዙ ይበልጣል።

አራተኛውን ቃል ግን ለተማሪው ይተዉለት። ስለ አሲዳማ አፈር በሚያወራ ገጽ ላይ አንዱ «ኖራ» ብሎ ጻፈ። እኔ የግድግዳ ቀለም መስሎኝ ልሰርዘው ስል፣ የገበሬ ልጅ ነውና፣ አባቱ የአፈሩን አሲድ ለመቀነስ ማሳው ላይ እንደሚበትነው ነገረኝ። ያ ቃል ከሰሌዳው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ በቀጣዩ ሳምንት ግን ግማሹ ክፍል ሲጠቀምበት አየሁ።

በየወሩ መለያዎቹን ይቃኙ። አንድ መለያ ሲታረም የተለጠፈባቸው ዕልባቶች ሁሉ አብረው ይታረማሉ።

በመጨረሻም ቅጂ ያስቀምጡ። የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ የነበረው ዴሊሽየስ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2017 በተፎካካሪው በፒንቦርድ ተገዛና አዲስ ዕልባት መቀበል አቆመ፤ ሌላው ገጽ ማስቀመጫ ፖኬትም በ2025 ተዘጋ። ስብስቡን በየሴሚስተሩ በፋይል አውርደው በፍላሽ ይያዙ። ዕልባት ደግሞ የገጹን አድራሻ እንጂ ገጹን ራሱን አይዝም። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ለማስተማር የሚፈልጓቸውን አምስት ስድስት ገጾች በፒዲኤፍ አድርገው እዚያው ፍላሽ ላይ ይጨምሯቸው።