የሮም የወርቅ ሳንቲም ስታዩ መጀመሪያ ጠቡን ፈልጉ

ኢንተርኔት ላይ የድሮ የሮም ወርቅ ፎቶ ሲያጋጥማችሁ ቶሎ ብላችሁ ዋጋውን አትጠይቁ። "ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?" በሉ። ያኔ ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ወታደር ግን ደሞዝ ይቀበላል። ስለዚህ አዛዡ ለወታደሩ ሊነግረው የፈለገውን ሁሉ ሳንቲሙ ላይ ያስቀርጸው ነበር።

የወርቁ ሳንቲም ስም አውሬየስ ነው። በጁሊየስ ቄሳር ጊዜ 8 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ ቀነሰው። ክብደቱን ካወቃችሁ ዘመኑን ለመገመት ይረዳችኋል፣ ከዚያ በላይ አትጨነቁበት።

አሁን መልኩን እዩ። በሮም ከተማ በሕይወት ያለ ሰው ሳንቲም ላይ መልኩን ማስቀረጽ ነውር ነበር። ቄሳር በ44 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት) መጀመሪያ ላይ በብር ሳንቲም ይህን ደፈረ፤ መጋቢት ላይ በጩቤ ገደሉት። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ነው። ይሄ ሰው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ለሠራዊቱ ሳንቲም ሲያስመታ ምን አደረገ መሰላችሁ? የራሱን ፊት አስቀረጸ! ሳንቲሙን ወደ ጎፈሩ ስታገላብጡት ደግሞ ሁለት ጩቤ ታያላችሁ፣ እጀታቸው የማይመሳሰል፣ መሃላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከሥር "ኤይድ ማር" የሚል ጽሑፍ፣ ማለትም ቄሳር የተገደለበት ቀን። "ነፃ አወጣናችሁ" ነው ነገሩ። በወርቅ የተመታው በጣም ጥቂት ነው። አንዱ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ፣ ከዚያ የመጣበት ታሪክ የውሸት መሆኑ ታወቀና በ2023 ወደ ግሪክ ተመለሰ። መግዛት የሚያምራችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።

ቀጥሎ ማን እንደጠፋ ፈልጉ። ለእኔ ጣፋጩ ክፍል ይሄ ነው። በ41 ዓ.ዓ. በተመታ አንድ አውሬየስ ላይ ከቄሳር ሞት በኋላ ሥልጣን የተካፈሉት ሁለቱ አሉ፣ በአንዱ ጎን ማርክ አንቶኒ፣ በሌላው ኦክታቪያን፣ ወንድማማች ነው የሚመስሉት። ኋላ አንቶኒ ከግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ ጋር አበረ፣ ሁለቱ ተዋጉ፣ አንቶኒ ተሸነፈና ራሱን አጠፋ። ኦክታቪያን በ27 ዓ.ዓ. ባስመታው ወርቅ ጎፈር ላይ ግን ያለው አዞ ብቻ ነው፣ "ግብፅ ተያዘች" ከሚል ጽሑፍ ጋር። አንቶኒ የለም። የገዛ ወገንን መግደል አያስፎክርማ፣ ጠላቷ ግብፅ ብትሆን ይሻላል።

ጽሑፉን ስታነቡ ደግሞ የተጋነነ ቃል ካያችሁ ጠርጥሩ። በ69 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ኦቶ የሚባል ንጉሠ ነገሥት "የዓለም ሁሉ ሰላም" ብሎ ወርቅ አስመታ። ሥልጣን የያዘው የቀደመውን ጋልባን አስገድሎ ነው፣ ሥልጣኑን የሚፈልገው የቪቴሊየስ ጦር ደግሞ ከሰሜን እየመጣበት ነበር። ሦስት ወር ገዝቶ ተሸነፈና ራሱን አጠፋ።

ዓይናችሁ ሲለምድ የእኛን የአክሱም ወርቆች በዚሁ መንገድ ሞክሯቸው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሩ። ሳንቲሙ ዘውድና ጎፈር ተብሎ አይለይም፣ በሁለቱም ጎን ያለው ራሱ ነው።