ሮቦቱ መሃል ሜዳ ላይ ሲቆም፦ ችግርና መፍትሄ ለተማሪ ቡድኖች

«ሞተሩ ተቃጥሏል!» ሮቦቱ በቆመ ቁጥር ልጆቹ መጀመሪያ የሚሉት ይሄን ነው። ሞተሩን ይቀይራሉ፤ ሮቦቱ ግን እንደገና ይቆማል። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ለሚባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር የሚዘጋጅ ቡድን ሳግዝ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ብልሽት የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የሚፈጠረው ሁለት ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ያውም ከሳምንታት በፊት። ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም ክፍሎችን እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ የማቀናጀት ሙያ፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ትልቁ ሥራው ይህንን መገናኛ ቀድሞ መጠበቅ ነው።

ምልክት፦ ሮቦቱ ሲገፋ ወይም ዕቃ ሲያነሳ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል

መጀመሪያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጡ። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይጀምር ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል። ሮቦቱ ግድግዳ እየገፋ ሳለ ለጥቂት ሰከንድ ደግማችሁ ለኩ። በጣም ከወረደ ሌላ ባትሪ ሞክሩ። በሌላው ከተስተካከለ የመጀመሪያው ባትሪ አርጅቷል ማለት ነው። ካልተስተካከለ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉና እዩ። አንድ ማታ የባትሪውን መሰኪያ ስነቅለው የቢጫው ፕላስቲክ ጠርዝ ቀልጦ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ሽቦውን ከመሰኪያው ጋር የሚያያይዘው ስታኞ በደንብ አልያዘም ነበር፤ በጣቴ ስነካው ሽቦው ይወዛወዛል። እስከዚያ ድረስ ሁለት ደህና ሞተሮች ቀይረን ነበር።

መሰኪያው ደህና ከሆነስ? ያኔ ችግሩ ስሌት ላይ ነው። የባትሪው ፊውዝ 20 አምፔር ነው። ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት የሞተር ዓይነት እንዳይዞር ተይዞ ሲቆም ወደ 9 አምፔር ይስባል። አራቱ የጎማ ሞተሮች፣ ጎማው ካልተንሸራተተ፣ 36 አምፔር ሊስቡ ነው። ሁለት የሊፍት (የዕቃ ማንሻው) ሞተሮች ጨምሩበት፤ 54 ደረሰ። ፊውዙ ለአጭር ጊዜ ይታገስ ይሆናል። ቮልቴጁ ግን ወዲያው ይወርዳል፣ ሮቦቱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ተዘግቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ጎማውን የሠራው ልጅ አልተሳሳተም። ሊፍቱን የሠራችውም አልተሳሳተችም። ድምሩን የያዘ ሰው ግን አልነበረም።

መፍትሄው አንድ ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ሞተር፣ ቢበዛ ስንት አምፔር እንደሚስብና ከየትኛው ሞተር ጋር አብሮ እንደሚሠራ ጻፉ። አንድ ልጅ የወረቀቱ ኃላፊ ይሁን። ሞተር መጨመር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያናግር። ከዚያ ሊፍቱ ሲነሳ የጎማዎቹ ኃይል በራሱ እንዲቀንስ ኮዱ ውስጥ አስገቡት።

ምልክት፦ ለየብቻ የሠሩት ክፍሎች ሲገጠሙ አይስማሙም

ክንዱ ሲወርድ ሻንሲውን (የሮቦቱን ዋና አካል) ይመታል። ሁለት ሰዎች አንድ ፖርት (የሽቦ መሰኪያ ቦታ) ይዘዋል። ወይም ሮቦቱ ሲጀምር ሊገባበት ከሚገባው 45.7 ሴንቲሜትር በ45.7 በ45.7 ሳጥን በአንድ ብሎን ራስ ይወጣል። የብሎኑ ራስ ነገር ያናድዳል፤ ጥፋቱ ግን የብሎኑ አይደለም። ሁሉም የየራሱን ክፍል እስከ ገደቡ ድረስ ስለሠራ ነው።

ለቡድኑ 44.5 ሴንቲሜትር ብላችሁ ንገሩት፤ የቀረችው ቦታ የሁላችሁም መጠባበቂያ ናት። በትክክለኛው ልክ የካርቶን ሳጥን ሥሩና ሮቦቱን በየሳምንቱ ክተቱት። ክፍሎች የሚገናኙበትን ሁሉ ደግሞ በሥዕል ተስማሙበት፤ የትኛው ቀዳዳ፣ የትኛው ፖርት፣ ሽቦው በየት በኩል ያልፋል። ሥዕሉን የሚቀይር ሰው ከሌላኛው ወገን ጋር ሳይነጋገር አይቀይር። እንደ እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያተርፈው ይሄ ነው።

ምልክት፦ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ውድድሩ ላይ ይስታል

ጨዋታው የሚጀምረው ማንም መቆጣጠሪያ ሳይነካ ሮቦቱ በራሱ በሚንቀሳቀስባቸው 30 ሰከንዶች ነው። እዚያ ላይ በአዲስ ባትሪ አልፎ ከሄደና በደከመ ባትሪ ሳይደርስ ከቆመ፣ ኮዱ የሚለካው በሰዓት ነው ማለት ነው። «ለሁለት ሰከንድ ሂድ» ሲባል ርቀቱ በባትሪው ጉልበት ይወሰናል። በኢንኮደር፣ ማለትም የሞተሩን መዞር በሚለካው ሴንሰር፣ የጎማውን ዙር ቁጠሩ። የቀለም ሴንሰር ከሆነ የሚስተው፣ የአዳራሹ መብራት ከቤታችሁ የተለየ ስለሆነ እዚያው ሄዳችሁ አስተካክሉት።

ከሥሩ ያለው ችግር ግን «ይሠራል» የሚለው ቃል ነው። አንዴ ሠርቶ በጭብጨባ ያለፈ ነገር አልተፈተነም። መጀመሪያውኑ «ከ10 ሙከራ 9 ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ባትሪዎች» ብላችሁ ጻፉ። ያንን ሳያሟላ ተጠናቀቀ አትበሉ። ልጆች መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። ሰባተኛው ሙከራ ላይ ሲወድቅ አይተው ምክንያቱን ራሳቸው ሲያገኙ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ግን ልዩ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ ነጥብ ግን የለም

የሚያምር ክንድ ተሠርቷል፤ የሚያስገኘው ነጥብ ግን ትንሽ ነው። ሐሳቡ የተመረጠው የውድድሩ ደንብ ሳይነበብ ነው። ከ30 ሰከንዱ በኋላ ሾፌሮቹ ያላቸው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰከንድ ወስዶ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ አስሉ። ሊፍት ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ልጅ ሮቦት ሆኖ በእጁ ይጫወት፣ ሌላው ሰዓት ይያዝ።

ምልክት፦ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቀኑን፣ ምን እንደተቀየረና ማን እንደቀየረ ደብተር ላይ አስፍሩ። ከለውጡ በኋላ የተቀየረውን ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚነካካውን ሁሉ ሞክሩ። ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ደግሞ አዲስ ሐሳብ ይቁም። ከዚያ በኋላ ብሎን ማጥበቅ፣ ባትሪ መሙላትና ሾፌሮቹን ማለማመድ ብቻ ነው።