የቆየ የሺራዝ ቀይ የወይን ጠጅን ጎንደር ላይ እንዴት ከፍተን እንቅመስ?

ሺራዝ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተሠራ አንድ የቆየ ጠርሙስ በወጉ ለመቅመስ ከሚያስፈልገው ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ቡሹ ከመነቀሉ በፊት ነው። እንግዳ ቤት ከገባ በኋላ ከምድር ቤት በጥድፊያ የወጣ፣ የተናወጠና የቀትር ሙቀት ያገኘው ጠርሙስ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ደፍርሶና መዓዛው ተቃውሶ ይቀርባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሚጀምረው ከመቅመሻው ዕለት ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው።

በቅድሚያ ጠርሙሱ መቆየት የሚገባው ዓይነት እንደሆነ ያረጋግጡ። በገበያ ከሚገኘው ሺራዝ የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ቢያቆዩት የፍሬ መዓዛው ከመሞቱ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። በሌላ በኩል ከአውስትራሊያው ባሮሳ ሸለቆ፣ ከሃንተር ሸለቆ፣ ወይም ይኸው ዝርያ ሲራ እየተባለ ከሚጠራበት ከፈረንሳዩ ኤርሚታዥ የመጣና በጥሩ እጅ የተሠራ ጠርሙስ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በላይ እያማረ ይሄዳል። (ዝርያው ከኢራኗ የሺራዝ ከተማ መጣ የሚለው ታሪክ ደስ ቢልም፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የተካሄደ የዘረመል ምርመራ ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንዱዝ ብላንሽ የተባሉ የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች መሆናቸውን አሳይቷል።)

ዕድሜውን ሲያሰሉ ከስህተት ይጠንቀቁ። በጠርሙሱ ላይ የሚታተመው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ሲሆን፣ አቆጣጠሩም የአውሮፓውያን ነው። 2010 የሚል የአውስትራሊያ ጠርሙስ በዚያ አገር የለቀማ ወቅት መሠረት በእኛ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 2002 ባለው ጊዜ የተለቀመ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ጠርሙሱን በሰባትና በስምንት ዓመት ልጅ አድርጎ ስለሚገምተው፣ ገና ይቆይልኝ ሲል ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ከዚያ ጠርሙሱን በብርሃን ፊት ይመልከቱት። የጠጁ ከፍታ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ሥር ከደረሰ ወይም በቡሹ ዙሪያ የፈሰሰ ጠጅ ደርቆ ከታየ፣ አየር ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ተጠባባቂ ጠርሙስ ማዘጋጀት ብልህነት ነው። ጤነኛ ከመሰለ ግን ተጋድሞ ከኖረበት መደርደሪያ በእርጋታ አንሥተው ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ፣ ቢቻል ሁለት ቀን፣ ሳይነኩት ይተዉት። በቆየ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ የቀለምና የታኒን (አፍን የሚያደርቀው የወይን ንጥረ ነገር) ቅንጣቶች ባለፉት ዓመታት እርስ በርስ እየተያያዙ ከብደው ዝቃጭ ሆነዋል። ይህ ዝቃጭ ጉዳት የለውም፤ ከጠጁ ጋር ከተቀላቀለ ግን ምሬት ያመጣል፣ ምላስ ላይም እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። ጠርሙሱ በቅርቡ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ከሆነ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲናጥ ስለሚመጣ አንድና ሁለት ሳምንት ሳያሳርፉ እንዳይከፍቱት እመክራለሁ።

የሙቀቱ ነገር በጎንደር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በክረምት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ምድር ቤት ለወይን ጠጅ ማቆያ ከሚመከረው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይርቅም። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሺራዝ ሲቀመስ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። «ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የተለመደው በአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤቶች ስለሆነ በሚያዝያ ቀትር ጎንደር ላይ አይሠራም። በ25 ዲግሪ የቀረበ 14.5 በመቶ አልኮል ያለው ሺራዝ አፍንጫን በአልኮሉ ይሞላና ሌላውን መዓዛ ሁሉ ይጋርዳል። ስለዚህ በሙቀት ወራት ጠርሙሱን እንደቆመ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ትንሽ ከቀዘቀዘም ብርጭቆ ውስጥ ራሱ ይሞቃል።

ሰዓቱንና ክፍሉን ይምረጡ። ዕጣን የታጠነበት፣ ቡና የተቆላበት ወይም ወጥ የሚሠራበት ቤት ለመቅመስ አይሆንም፤ የዕጣን ጭስ ደግሞ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይቆያል። ረፋድ ላይ፣ የቡናው ሥርዓት ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይደርሳል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ባለ እግርና ቀለም አልባ ይሁን። ብርሌ ለጠጅ የተበጀ ውብ ዕቃ ቢሆንም አንገቱ አፍንጫ ስለማያስጠጋ እዚህ ላይ አያገለግልም። ብርጭቆዎቹን የሳሙና ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ይለቅልቋቸው።

የጠርሙሱን አንገት ጠቅልሎ የያዘውን ሽፋን ሙሉ በሙሉ ያንሡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የቆየ ቡሽ ልፍስፍስ ስለሚሆን የመክፈቻውን ጠምዛዛ ሽቦ በመሀሉ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡና ሳይጣደፉ ወደ ላይ ይሳቡት። ተፈርፍሮ ከገባም ችግር የለም፤ ሽታ በሌለው ስስ ጨርቅ ይጠለላል። አሁን የመስታወት ጆግ ያቅርቡ፣ ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ ጧፍ ወይም የእጅ ባትሪ ያብሩና በአንድ ወጥ ቀስታ፣ ሳያቋርጡ ይገልብጡ። ጥቁር የዝቃጭ ክር ወደ አንገቱ ሲመጣ ብርሃኑ ያሳይዎታል፤ በዚያች ቅጽበት ያቁሙ። ቀሪዋን ጥቂት ጭላጭ መተው የሚያሳሳው ሰው አለ፤ ግን መተው ይገባል። ወጣት ሺራዝ ሰዓታት ቢናፈስ ይጠቀማል፣ ያረጀው ግን መዓዛው በቶሎ ሊበተን ስለሚችል ከተጠለለ በኋላ ወዲያው ይቀዳ።

በአገራችን አሳላፊው አስቀድሞ ቀምሶ ማቅረቡ የቆየ ወግ ነው፤ እዚህም ይህ ወግ ጥቅም አለው። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ጨርቅ ጠረን ካገኙ ቡሹ ትራይክሎሮአኒሶል በተባለ ውሁድ ተበክሏል ማለት ነው፤ አየር ቢያገኝም አይድንም። የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ሽታም እንዲሁ የብልሽት ምልክት ነው። የታፈነ ሽታ ብቻ ከሆነ ግን አሥር ደቂቃ ይታገሡት፣ ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል።

ለእያንዳንዱ ሰው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ይቅዱ፤ ከአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአሥር ሰው ይበቃል። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብለው ቀለሙን ይመልከቱ። ወጣት ሺራዝ እስከ ጠርዙ ድረስ ወይን ጠጅማ ጥቁር ሲሆን፣ የቆየው መሀሉ ጠይም ቀይ፣ ጠርዙ ጡብ ወይም ቡናማ ይመስላል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ ያሽትቱ፣ ቀጥሎም በዝግታ አዙረው እንደገና። የእንጆሪና የፕሪም ትኩስ መዓዛ ቀንሶ በምትኩ ዘቢብ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እርጥብ አፈርና ቅጠል ይመጣሉ፤ ከኦክ በርሜል የተረፈ ቫኒላና ቅርንፉድም ይኖር ይሆናል። ሺራዝ የሚታወቅበት የቁንዶ በርበሬ ሽታ የሚመጣው ሮተንዶን ከሚባል ውሁድ ነው፤ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን ሲያሳውቁ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ፈጽሞ እንደማይሸተው ጭምር አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከጎንዎ የተቀመጡት ሰው «ቁንዶ በርበሬ የለውም» ቢሉ አይከራከሯቸው፤ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዚያ ትንሽ ጎንጨት ብለው ጠጁን ምላስዎ ላይ፣ ጉንጭዎ ውስጥና ድድዎ ዙሪያ ያዳርሱት። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያመጣል ወይስ ደንዝዟል? ድድን የሚያደርቀው ታኒን ለስልሷል? ከዋጡት በኋላስ ጣዕሙ ስንት ጊዜ ይቆያል? አልኮሉ በዕድሜ እንደማይቀንስ ያስተውሉ፤ ጉሮሮ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ሌላው ነገር ቀጥኖ እሱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ብሆን ከጎኑ ወጣት ሲራ አኖራለሁ፤ ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ ሲራ ለዚህ በቂ ነው። ዓመታት ምን እንደወሰዱና ምን እንደሰጡ የሚገለጠው ሁለቱን እያፈራረቁ ሲቀምሱ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ወደ ቆየው ይመለሱ፤ መጀመሪያ ዝም ያለ ጠርሙስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊከፈት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ሊደክም ይችላል።

የሙያው ቀማሾች ጠጁን ይተፉታል። በታላላቆች ፊት ይህ ነውር ስለሚሆን፣ ብዙ ዓይነት ካልቀመሱ በቀር ጥቂት እየጎነጩ መዋጥ ይበቃል። በመካከሉ ውኃና ቅመም ያልበዛበት ዳቦ ያቅርቡ። ዶሮ ወጥና አዋዜ ግን ቅምሻው እስኪያልቅ ይቆዩ፣ የበርበሬው ማቃጠል የአልኮሉን ያባብሰዋልና፤ ከምግብ ጋር ከተፈለገ ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስ ወይም አልጫ ይስማማዋል። የተረፈው ለነገ አይቀመጥ፣ የቆየ ጠጅ አንዴ ከተከፈተ በማግሥቱ መዓዛው አይገኝም፤ ጠርሙሱ ሥር የቀረውን ዝቃጭ ያዘለ ጭላጭ ደግሞ አጥልለው ሥጋ ሲጠብሱ ሊጨምሩት ይችላሉ።