ካሎሪ መቁጠርን እንዴት መተው ይቻላል? ከአመጋገብ መዛባት እያገገሙ ላሉ ሁሉ

አንድ ሙዝ ለመብላት ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝ ጊዜ ነበር። ጊዜ የሚወስደው መብላቱ አይደለም። መመዘኑ፣ ስልኬ ላይ መመዝገቡ፣ ከትናንቱ ጋር ማስተያየቱ ነው። ከዚያ ደግሞ «ቆይ፣ በትክክል መዝግቤዋለሁ?» ብዬ እንደገና እጀምራለሁ።

ሕክምና ጀምሬ አመጋገቤ ከተሻሻለ በኋላም ቆጠራው አልለቀቀኝም። ላይ ላዩን ሲያዩኝ ድኛለሁ። ምሳዬን እበላለሁ፣ እራቴን እበላለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ውስጤ ግን ካልኩሌተሩ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ከአኖሬክሲያ፣ ከቡሊሚያ ወይም ከሌላ የአመጋገብ መዛባት እያገገመ ያለ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ለመረዳት ብዙ ጊዜ የፈጀብኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቁጥሩ ወደ ጭንቅላቴ እንዳይመጣ ማድረግ አልቻልኩም። የቻልኩት ሲመጣ አለመታዘዝን ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያ የሚያግዝ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንድም የካሎሪ መጠን ወይም የሰውነት ክብደት አታገኙም። ሆን ብዬ ነው። እኔ በነበርኩበት ሁኔታ ላይ ያለ ሰው አንድ ቁጥር ካየ ዓይኑ እዚያው ይቀራል።

1. መጀመሪያ ለሚያክማችሁ ሰው ንገሩ

ይህን ብቻችሁን አትጀምሩት። ሐኪም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚከታተላችሁ ከሆነ «መቁጠር ማቆም እፈልጋለሁ» በሏቸው። የሚከታተላችሁ ሰው ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ እሱን መፈለግ ነው። በተለይ የሚያዞራችሁ፣ የምትወድቁ፣ ልባችሁ ያለወትሮው የሚመታ ወይም የምታስመልሱ ከሆነ ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

አንድ ከባድ ምክንያት አለው። ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ ሲበላ የቆየ ሰው ድንገት ብዙ መብላት ሲጀምር በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ማዕድናት በፍጥነት ሊወርዱ ይችላሉ። ይህ ልብን ይጎዳል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ምርመራና በክትትል ነው መሄድ ያለባቸው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነታችሁ ገና ካላገገመ ባለሙያው መጠኑን ራሱ ያሰላ ይሆናል። ያስላው። የእሱ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ የተሰጣችሁን መብላት ነው። መቁጠር መተው ማለት ያሰኘኝን ያህል ብቻ እበላለሁ ማለት አይደለም። በተለይ መጀመሪያ አካባቢ «ያሰኘኝ» የሚለውን የሚናገረው በሽታው ሊሆን ይችላል።

2. ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን እወቁ

እኔ ቁጥሩን እንደ እውነት ነበር የማየው። አንድ አሃድ ከፍ ካለ ቀኔ ይበላሻል። አንድ ቀን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስታስረዳኝ ዝም ብዬ አዳመጥኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሸጊያ ላይ የምናነበው ስሌት መሠረቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር የሠራው ነው። ለፕሮቲን፣ ለስብና ለካርቦሃይድሬት አንድ አንድ አማካይ ቁጥር ተሰጣቸው። አማካይ ነው እንግዲህ። እያንዳንዱ ምግብ በእያንዳንዱ ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ለውዝ መሰሉን አልሞንድ ለሰዎች አብልተው ሲለኩ፣ ሰውነት የሚያገኘው ጉልበትና በስሌቱ የተጻፈው በሰፊው ተለያይቶ አገኙት። የአሜሪካ የምግብ ቁጥጥር ደንብም ቢሆን በማሸጊያው ጽሑፍና በይዘቱ መካከል እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ልዩነትን ይታገሳል። ምግቡ መብሰሉ፣ መፈጨቱ፣ መታኘኩ ሁሉ ለውጥ ያመጣል።

በሌላ በኩል ሰውነታችን የሚያወጣውም ጉልበት በየቀኑ ይለያያል። ብርድ፣ ሕመም፣ እንቅልፍ፣ የወር አበባ፣ የቁስል መዳን፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሰዓታችን ላይ የምናየው «ያቃጠልከው» የሚለው ቁጥርም ግምት ነው። ለካ ግምትን ከግምት እየቀነስኩ ነው ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ ያደርኩት።

ይህን ማወቅ ብቻውን አያድንም። እኔም አውቄ ለወራት ቆጥሬያለሁ። ግን ቁጥሩ ሲያስፈራራችሁ የምትመልሱለት ነገር ይኖራችኋል።

3. ቆጠራውን ከማንሳታችሁ በፊት ሌላ መደገፊያ አቁሙ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ካሎሪ የምመዘግብበትን የስልክ አፕ አጠፋሁት። እስከ ሐሙስ ድረስ ከበፊቱ ያነሰ ስበላ ቆየሁ። ለምን? ቆጠራው መጥፎ ቢሆንም መደገፊያዬ ነበር። ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደምበላ የሚነግረኝ እሱ ነበር። እሱን ሳነሳው ባዶ ሜዳ ላይ ቀረሁ።

መደገፊያው ሰዓት ይሁን። ለአመጋገብ መዛባት በሚሰጠው ሕክምና ውስጥ ቀድመው ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ቀኑን በቋሚ የምግብ ሰዓት መከፋፈል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸው ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ። በሁለት ምግብ መካከል ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በላይ አይለፍ። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ሲጮህ ይበላል። ቢርባችሁም ባይርባችሁም።

«ሳይርበኝ ለምን እበላለሁ?» ትሉ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ጨጓራ ምግብን የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ነው። ትንሽ ተበልቶ ጥግብ ያለ ይመስላል፣ ይነፋል። የረሃብና የጥጋብ ምልክቱ ገና አልተስተካከለም። «ሰውነትህን አዳምጥ» የሚለው ምክር ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው። ለእኛ ግን መጀመሪያ ላይ አይሠራም። እኔ በበኩሌ ይህን ምክር ቶሎ የሚሰጡ ሰዎች ይጎዱናል ባይ ነኝ።

መጠኑን በተመለከተ ሳህኑን በዓይን መከፋፈል ልመዱ። እንደ ዳቦ፣ ሩዝ ወይም ድንች ያለ አንድ ነገር። እንደ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ባቄላ ያለ ፕሮቲን። አትክልት ወይም ፍራፍሬ። ዘይት ወይም ቅቤም ይኑርበት። ጥያቄያችሁ «ስንት ሆነ?» ከመሆን ይልቅ «ምን ጎደለው?» ይሁን።

4. መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አስወጡ

አፑን ስታጠፉ አካውንቱንም አብራችሁ ዝጉት። ያለፈው መዝገብ እዚያው ካለ አንድ የከፋ ምሽት ላይ ይጠራችኋል። የወጥ ቤቱን ሚዛን ለምታምኑት ሰው ስጡት። ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ከቤት ይውጣ። ስማርት ሰዓታችሁ ካሎሪ የሚያሳይ ከሆነ ያንን ገጽ አጥፉት።

ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ ለእኔ ከሁሉም ከበደኝ። ዓይኔ ሳላዘው ይሄድ ነበር። እህቴ ብስኩቱንም ሩዙንም ከማሸጊያው እያወጣች ክዳን ባለው ዕቃ ትገለብጥልኝ ጀመር። ማውጣት በማይቻለው ላይ ወረቀት ትለጥፍበታለች። የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ግን ሠርቷል።

ሁሉን በአንድ ቀን መተው ካስፈራችሁ ከአንድ ምግብ ጀምሩ። ብቻችሁን የማትሆኑበትን ምረጡ። ምሳ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ምሳን ብቻ አትቁጠሩ። በሚቀጥለው ሳምንት መክሰሱን ጨምሩበት። ለባለሙያችሁም እንዴት እንደሄደ ንገሩት።

5. ቁጥሩ ሲመጣ

ይመጣል። ለዓመታት ሲሸመደድ የኖረ ነገር በአንድ ወር አይረሳም። «አትቁጠሪ!» ብዬ ራሴን ስቆጣ ይብስበት ነበር።

የረዳኝ ድምሩን ሳልጨርስ መተው ነው። የዳቦው ቁጥር ይመጣል። «እሺ፣ መጣ» እላለሁ። በቅቤው ላይ አልደምረውም። ማኘኬን እቀጥላለሁ፤ አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ወሬዬን እቀጥላለሁ። ድምሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ይህ መንጠልጠል አንድ ጥፋት የሠራሁ ያህል ያስጨንቀኝ ነበር።

ቀጥሎ ሊቆጠር የማይችል ምግብ ብሉ። ሌላ ሰው የሠራው፣ ብዙ ነገር የተቀላቀለበት፣ ዘይቱ በእጅ የፈሰሰበት። የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ። ጭልፋውን ይዤ ሩዙ ድስት ላይ ቆምኩ። አንድ ጭልፋ ሳህኔ ላይ አደረግሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ያለ ሚዛን ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። እህቴ አጠገቤ ቆማለች። «ጨምሪ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ሁለተኛውን ጨመርኩ። ወጡን እሷ አፈሰሰችልኝ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ተቀምጠን በላን። ከምግቡ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ደረቴ ተጨንቆ ቆየ። አብረን ልብስ አጣጠፍን። ከዚያ ጭንቀቱ ማንም ሳያባርረው ቀነሰ።

የጭንቀት ባሕርይ እንዲህ ነው። ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። የሚወርደው ግን ካላካካስን ነው። እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። እራት መቀነስ፣ ቁርስ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ማስመለስ፣ ሁሉም ማካካሻ ናቸው። ካካካሳችሁ ጭንቅላታችሁ «በማካካሴ ዳንኩ» ብሎ ይማራል፤ ነገም ያንኑ ይጠይቃችኋል። ሳታካክሱ ያለፋችሁበት እያንዳንዱ ምግብ ቀጣዩን ትንሽ ያቀለዋል።

6. ቆጠራው ልብሱን ቀይሮ እንዳይመጣ

ካሎሪ ስተው ግራም መቁጠር ጀመርኩ። ግራም ስተው ማንኪያ። ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ያልበላሁባቸውን ሰዓታት። አንዱን በር ስንዘጋ በሌላው ይገባል። የሰውነት ሚዛንም ከዚሁ ወገን ነው። ክብደት መታየት ካለበት ክሊኒክ ውስጥ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መመዘን እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፤ የተለመደ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አጽናንቶኛል። በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ተቀነሰ። ጥናቱን የመራው አንሴል ኪስ ነበር። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ስለ ምግብ ምንም ጭንቀት አልነበራቸውም። ሲራቡ ግን ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብና መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ። አንድ ሳህን ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቀመጡ ነበር። ጠባያቸውም ተለወጠ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም ወደ ቦታቸው ለመመለስ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ያ ሁሉ የምግብ ሐሳብ የእኔ ክፋት ወይም ድክመት ብቻ እንዳልነበር ገባኝ። የተራበ ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚያስበው። ስለዚህ በቂ መብላት ራሱ ቆጠራውን ያበርደዋል።

7. አብሯችሁ ላለው ሰው

ይህን ክፍል ለቤተሰብ አሳዩት። ገበታ ላይ ስለ ካሎሪ፣ ስለ ዳይት፣ ስለ ማንም ሰውነት አታውሩ። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ለጤነኛ ሰው ምርቃት ነው፤ ለእኛ ግን ሌሊቱን የሚያስቆጥር ቃል ነው። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አብራችሁን ቆዩ። ሌላ ብዙ አያስፈልግም።

8. ወደ ኋላ ስትመለሱ

ፈተና ሲደርስ፣ ሥራ ሲበዛ፣ ሐዘን ሲመጣ ቆጠራው ይመለሳል። እኔ አፑን ሁለት ጊዜ መልሼ አውርጄዋለሁ። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ የሚቀጥለውን ምግብ በሰዓቱ ብሉ። ከሰኞ እጀምራለሁ አትበሉ።

ምግብ መዝለል ከተመለሰ፣ ማስመለስ ከጀመረ ወይም ሰውነታችሁ ከደከመ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ባለሙያችሁን ፈልጉ። ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ሕይወታችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ ወዲያው ለአጠገባችሁ ሰው ተናግራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

9. ረሃብ ሲመለስ

ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መጽሐፍ እያነበብኩ ሆዴ ጮኸ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሰዓቱን ሳይ ለመክሰሱ አላርም አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ተነስቼ ዳቦ ቆርጬ ማር ቀባሁበት። አላርሙ ሲጮህ ግማሹን በልቼ ነበር።

አላርሙን ግን ያን ቀን አላጠፋሁትም። እናንተም ቶሎ አታጥፉት። የረሃብ ምልክቱ አንድ ቀን መጥቶ ሌላ ቀን ይጠፋል። ለጥቂት ሳምንታት ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፣ ሰዓቱንም ሆዳችሁንም። ከባለሙያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ከአንዱ መክሰስ ላይ ብቻ አላርሙን አንሱና የሚሆነውን እዩ። ያንን መክሰስ መርሳት ከጀመራችሁ መልሱት።