ሐኪሞችን የውሻ ንክሻና የእባብ ንድፊያ ሕክምና ስታሠለጥኑ

ጎጃም ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችንና ኢንተርኖችን (ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ላይ ያሉ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን) ስለዚህ ጉዳይ ልታሠለጥኑ ከሆነ ፕሮጀክተሩን ተዉትና ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙናና የብርጭቆ ቱቦ ይዛችሁ ግቡ። በስላይድ ብቻ የተማረ ሐኪም እኩለ ሌሊት የተነደፈ ሰው ሲመጣበት እጁ ይታሰራል።

ከውሻ ጀምሩ፤ የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ሰዓት ይዛችሁ እርስ በርስ ክንዳቸውን አሳጥቧቸው፤ 15 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያኔ ይገባቸዋል። ከዚያ አዮዲን። ቁስሉን ለመስፋት አይቸኩሉ። ንክሻው ከደማ ክትባት ብቻውን አይበቃም፣ ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልጋል፤ እሱም የሚወጋው እዚያው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው። ክትባቱ ለአዋቂ ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ጭን ላይ፣ መቀመጫ ላይ ግን በፍጹም። በጡንቻ ሲሰጥ ቀኖቹ 0፣ 3፣ 7፣ ከዚያ ከ14 እስከ 28 ባለው ናቸው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ 10 ቀን ይጠበቃል፣ ክትባቱ ግን እሱን አይጠብቅም፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ሳታለማምዱ እንዳትወጡ። አንዷ ሠልጣኝ እናት ትሁንና "ልጄን ጸበል ነው የምወስደው" ትበል። "ይሄ ኋላ ቀርነት ነው" ብሎ የመለሰ ሐኪም እናትየዋንም ልጁንም አጣቸው። "እናቴ፣ ጸበሉን አይተዉ፤ ዛሬ ግን መርፌውን ወግተነው ይሂዱ፣ ሐሙስም ይዘውት ይምጡ" ማለት እስኪለምዱ ደጋግማችሁ አለማምዷቸው።

ወደ እባቡ እንምጣ። ጃዊም ሆነ ዓባይ በረሃ፣ ለአረምና ለአጨዳ ቆላ የወረደ ሰው ይነደፍና እግሩን በገመድ ጠፍረው ያመጡታል። ገመዱ ድንገት አይፈታም፤ ፀረ መርዙና አድሬናሊኑ (ፀረ መርዙ ከባድ አለርጂ ካስነሳ የሚሰጠው መድኃኒት) ቀርበው፣ በደም ሥር መስመር ተከፍቶ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ነው። ቀለበትና አልቦ ይውለቅ። እብጠቱ የደረሰበት ቦታ በእስክሪብቶ ይሰመር፣ ሰዓቱም ይጻፍበት።

የደም መርጋት ምርመራውን ራሳቸው ይሥሩት። 2 ሚሊ ሊትር ደም አዲስና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጨምረው 20 ደቂቃ ሳይነኩ ያቆዩትና አንዴ ያዘንብሉት። ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን እየሠራ ነው። የራሳቸውን ደም በሦስት ቱቦ ያድርጉት፦ አንዱ አዲስ ብርጭቆ፣ አንዱ በላርጎ የታጠበ፣ አንዱ ፕላስቲክ። የጤነኛ ሰው ደም በታጠበውና በፕላስቲኩ ውስጥ ላይረጋ እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሐኪም ያገኘውን ቱቦ አያነሳም።

የፀረ መርዝ መጠን ለሕፃንም ለአዋቂም እኩል ነው፤ እባቡ ልጅ ነው ብሎ መርዙን አይቀንስለትም። የአድሬናሊን መጠን ግን ለልጅ በኪሎ ይሰላል። የዓይኑ ቆብ መውደቅ ከጀመረ ቀጥሎ የሚያሰጋው ትንፋሹ ነው። ከጃዊ ባሕር ዳር ድረስ በአምቡላንስ እየሄዱ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማስተንፈስ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ በማሠልጠኛ አሻንጉሊት ላይ እጃቸው እስኪዝል ተራ በተራ አለማምዷቸው።