ቃለ መጠይቁን ዊስፐር ሲያበላሸው

ሐዋሳ ላይ ቃለ መጠይቅ ቀርጻችሁ ነበር እንበል። ቅጂውን ወደ ጽሑፍ እንዲገለብጥላችሁ በነፃ ለሚገኘው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይረው ዊስፐር (Whisper) ለተባለው ሶፍትዌር ሰጣችሁት። አማርኛ ይሞክራል፤ እንደ እንግሊዝኛው ግን አይሆንለትም።

ጽሑፉ በማታውቁት ቋንቋ ወጣ?
ቋንቋውን ካልነገራችሁት ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ተነስቶ ይገምታል። እዚህ ደግሞ ሰላምታው በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) ተጀምሮ ወሬው ወደ አማርኛ ይዞራል። ሲዳሙ አፎ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል ስለሌለ ያገኘውን ይዞ ይነጉዳል። «አማርኛ» ብላችሁ ራሳችሁ ምረጡለት። በሲዳሙ አፎ የተነገረውን ክፍል ግን ለቋንቋው ተናጋሪ ስጡ፤ ሌላ አቋራጭ የለውም። ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ከሆነባችሁ፣ «ተርጉም» የሚለው ተመርጦ እንደሆነ እዩ።

አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ደገመው? ማንም ያላለውን ጻፈ?
ብዙ ጊዜ ዝምታ ወይም ጫጫታ ያለበት ቦታ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ወይም ቡና ሲወቀጥ ባዶውን በራሱ ቃል ይሞላዋል። ረጃጅም ዝምታዎችን ቁረጡ፤ ከቀደመው ጽሑፍ ተነስቶ እንዲቀጥል የሚያደርገውንም ማዘዣ ዝጉ። በሚቀጥለው ቀረጻ ስልኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ።

ጥያቄው አለ፣ መልሱ የለም?
እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «ባለቤትሽ ተቃውሞሽ ነበር?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «እህ» ትላለች። አዎ ማለቷ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ሶፍትዌሩ ግን ትንፋሽ ብሎ ያልፈዋል። «እ…»፣ «ምን ላርግ» ብሎ መቆም፣ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ቃል፣ እነዚህንም ያለ ይሉኝታ ያጸዳቸዋል። ለዓይነታዊ ጥናት (በቁጥር ሳይሆን ሰዎች በሚናገሩት ላይ ለሚመሠረት ጥናት) ደግሞ ማመንታቱ ራሱ መረጃ ነው። መፍትሄው ቅጂውን እየሰሙ ማረም ነው። «[ትንፋሽ ስባ፦ አዎ]» ብላችሁ በእጃችሁ አስገቡ፤ ዝምታውንም በሰከንድ ጻፉ። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ሰው ቢያርመው ይሻላል፤ ፊቷን ያየው እሱ ነው።

ማን ምን እንዳለ ጠፋ?
ዊስፐር ብቻውን ተናጋሪ አይለይም። በቡድን ውይይት ላይ ሁሉም ከመናገሩ በፊት የተሰጠውን ቁጥር ይጥራ።

ላፕቶፑ ቀርፋፋ ሆነ?
ትንንሾቹ የዊስፐር ሞዴሎች ይፈጥናሉ፤ አማርኛቸው ግን አይነበብም። ትልቁን ጭናችሁ ሌሊቱን ተዉት፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ይደርሳል። ቸኩላችሁ ኦንላይን አገልግሎት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን የፈቃድ ቅጹን አንብቡ። ድምፁ ለሌላ ወገን እንደሚላክ ተሳታፊዋ ካልተነገራት አትጫኑት።